የጋራ የአየር ቻምበር ለምሥራቁ፦ ክሩ ላይ ማን ምን አለ

ሰላም ለቤቱ። ክሩ በጣም ረዝሟል፣ አዲስ የሚገባው ሰው ላይ የተመለሰውን ታች እየጠየቀ ነው፣ ስለዚ ከመጀመሪያው ጀምሬ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ፣ ሙሉውን የፈለገ ወደላይ ወጥቶ ያንብብ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጉዳዩ ያንገበግበኛል፣ ስለዚ የማልስማማበት ቦታ ላይ ዝም አልልም።

መክፈቻው ላይ ያልኩት ይሄ ነው። ድሬ ላይ ስለ አየር ሲወራ ሁሌ የሚወራው ስለ መጠን ነው፣ አቧራው ስንት ነው፣ ሴንሰሩ ምን አሳየ። እሱ ያስፈልጋል፣ አልተቃወምኩም። ግን አየር ውስጥ የገባ ነገር እንደገባ አይቀመጥም። ከባጃጁ የወጣው ጭስ፣ ከከሰሉ የወጣው፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የተነሳው ብናኝ ሁሉ ይሄ እኛ የምናውቀው ፀሐይ ሥር አብሮ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ የምንስበው አየር ጠዋት ከተለቀቀው ጋር አንድ አይደለም። ምን ሆኖ እንደሚለወጥ ለማወቅ አየሩን ከንፋሱም ከሰፈሩም ለይተው፣ የተለካ ነገር ብቻ አስገብተው፣ ብርሃን አብርተው የሚከታተሉበት ትልቅ ዝግ ክፍል አለ፣ ቻምበር ይሉታል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው የሚሸከመው ነገር አይደለም። ስለዚ ድሬዳዋ፣ ሀረማያና ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ ቻምበር ይኑራቸው፣ እስከዛው ደሞ ውጭ አገር ላሉት የጋራ ቻምበሮች የራሳችንን ጥያቄ ይዘን እናመልክት ነው ያልኩት። ይሆናል አይሆንም ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 1 ጨዋ የከዚራ ልጅ ነው፣ አመስግኖ ቻምበር ማለት የክፍል ያክላል ወይስ የካርቶን ያክላል፣ ውስጡ ሰው ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር ምክንያቱም መልስ 2 ን አመጣልን።

መልስ 2 ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ዩሊኽ የሚባል ቦታ ያለውን ሳፊር የተባለውን ቻምበር በዓይኑ አይቶታል። 270 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ውጭ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሲሊንደር ነው፣ ግድግዳው ስስ የቴፍሎን ፊልም፣ እሱም ድርብ፣ በሁለቱ ፊልሞች መሀል የውጭ አየር ሾልኮ እንዳይገባ ንጹህ ናይትሮጅን ይነፋበታል። ውስጥ ያለው አየር ራሱ ከፈሳሽ ናይትሮጅንና ከፈሳሽ ኦክስጅን የተሠራ ነው እንጂ ከውጭ የተሳበ አይደለም። ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ጥላ አለው፣ ሲዘጋ ሌሊት፣ ሲከፈት ቀን ማለት ነው።

ከዛ የአንድ ቀን ሥራ እንዴት እንደሚውል አስረዳን፣ እዚህ ጋ ነው እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት። ሌሊቱን ሙሉ ቻምበሩ በንጹህ አየር ይታጠባል። ጠዋት መጀመሪያ ባዶው ይለካል፣ ምንም የለም የተባለበት ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ። ከዛ ትንሽ እርጥበት፣ ከሞተር ጭስ ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ትንሽ፣ ከዛ ደሞ የሚጠናው ነገር በጣም በጥቂቱ ይገባል፣ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቶሉዊን ሊሆን ይችላል፣ ከዛፍ የሚወጣ ሽታ ሊሆን ይችላል። ጨለማ ውስጥ እንዲዋሃድ ይተውና ጥላው ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም፣ መሣሪያዎቹ ብቻ ይቆጥራሉ፣ ያስገቡት ነገር ሲቀንስ፣ ኦዞን የሚባለው ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ሲወጣ፣ ቀድሞ ያልነበረ ብናኝ ከጋዝ ሲወለድ። ልጁ እንዳለው መጀመሪያ ሲያይ የገረመው ይሄ ነው፣ ብናኝ የሚባል ነገር ጨርሶ ሳይገባ ከሰዓት ላይ ቻምበሩ በብናኝ መሞላቱ። እኛ ከተማ ላይ አቧራ ብለን የምንጠራው ሁሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደሞ አስጠነቀቀ፣ ግድግዳው ይበላል። ጋዙም ብናኙም ቴፍሎኑ ላይ ይለጠፋል፣ የትናንቱ ተለጥፎ ዛሬ ይለቃል፣ ስለዚ ግድግዳው ምን ያህል እንደበላ ለብቻው ተለክቶ ካልታረመ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ቻምበሩ ባነሰ ቁጥር ግድግዳው ከውስጡ አየር አንጻር ስለሚበዛ ችግሩ ይብሳል። ትልቅ መሥራት የሚፈለገው ለዚህ ነው፣ ትልቁ ደሞ ውድ ስለሆነ ነው በጋራ የሚጠቀሙበት።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ከረረ። ሰውየው ቧንቧችን ውሃ ሳይኖረው የአየር ቻምበር ማለት ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ የሚጠጣ፣ ቀጥሎ የሚተነፈስ ባይ ነው፣ የተማረ ሰው ሁሌ ከሆዳችን የራቀ ነገር ይዞ ይመጣል ብሎም ጨመረ። መልስ 4 ለዘብ አድርጎ ደገፈው። መልስ 5 እናት ናቸው፣ ልጃቸው አስም አለበት፣ ንፋሱ ሲነሳ ሌሊት ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት፣ ውሃ ቢጠፋ ከጎረቤት በጀሪካን ይቀዳል አየር ከማን ይቀዳል አሉት። እሳቸው ከጻፉ በኋላ መልስ 3 ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ። እኔ የሰውየውን ቁጣ እረዳዋለሁ፣ የውሃው ነገር ሁላችንንም ያማረረ ነው፣ ግን አንዱ እስኪሟላ ሌላው ይቆይ ከተባለ ሁለቱም አይደረጉም።

መልስ 6 ቤቱ ጣሪያ ላይ ትንሽ ሴንሰር የሰቀለ ልጅ ነው፣ አሸዋ ያነሳ ንፋስ ከተማውን ሲያለብስ ሴንሰሩ ብዙም አልጨመረም፣ ስለዚ የድሬ አየር ሰው እንደሚያወራው አይደለም አለ። መልስ 7 በጥሩ አነጋገር አረመው። እነዚህ ርካሽ ሴንሰሮች ብናኙን በሌዘር ብርሃን ነው የሚገምቱት፣ ጭስን የመሰለ ደቃቅ ነገር ላይ ደህና ናቸው፣ ሸካራውን የመሬት አቧራ ግን በደንብ አያዩትም፣ ስለዚ አቧራ ቀን ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ማሳየታቸው የታወቀ ድክመት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለደቃቁ ብናኝ፣ ለፒኤም 2.5፣ የዓመት አማካዩን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ዝቅ ያደረገው ሰው እየተጎዳ ያለው ከሚታሰበው ባነሰ መጠን ስለሆነ ነው ሲልም ጨመረ። መልስ 8 ልጁን ሴንሰሩን እንዳያወርድ ለመነው። እኔም እለምነዋለሁ። 9 ስልክ ቻርጀር መሸጫ ማስታወቂያ ነበር፣ አድሚኑ አጥፍቶታል።

መልስ 10 እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። እኔ ስለ ኦዞን የማውቀው ነገር የለም ግን ጎማ አውቃለሁ ብሎ ጀመረ። ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆመ የባጃጅ ጎማ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፣ በተለይ ንፋሱ ጎድሎ ጎማው ያበጠበት ቦታ ላይ፣ ጥርሱ ገና ሳያልቅ ጎኑ ይሞታል፣ ደንበኛ ደሞ የሸጥክልኝ አሮጌ ነው ብሎ ይጣላዋል። ይሄ ከአየሩ ጋር ይገናኛል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ይገናኛል! መልስ 11 ጥሩ አድርጎ መለሰለት። ሎስ አንጀለስ በ1940ዎቹ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሲወርድባት ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም ነበር። አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ኬሚስት፣ ካልቴክ ውስጥ የአናናስ ጣዕም ከምን እንደሚመጣ ሲያጠና የነበረ ሰው፣ ፊቱን ወደ አየሩ አዞረ። የቤንዚን ትነትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ብርሃን ሲያበራበት ያው ጭጋግ፣ ያው ተክል ላይ የሚታየው ጉዳት ወጣ፣ የ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ነው። ኦዞኑንስ በምን ለካው? ታጥፎ በተወጠረ ጎማ። ኦዞን የተወጠረ ጎማን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ቶሎ በወጣ ቁጥር ኦዞኑ በዝቷል ማለት ነው። ጎሚስታችን በየቀኑ የሚያየው ነገር የዚህ ሁሉ ሳይንስ መነሻ ላይ ያለ መለኪያ ነው።

መልስ 12 ደሞ አይ ቆይ ብሎ አቀዘቀዘው፣ ልክም ነው። ፀሐዩ ራሱ፣ ሙቀቱም ጎማ ያደርቃል፣ ስንጥቅ ሁሉ ኦዞን አይደለም። መለያው አቅጣጫው ነው፣ የኦዞን ስንጥቅ ጎማው ከተወጠረበት አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ይወጣል፣ የፀሐዩ ግን ወዲህም ወዲያም የሄደ፣ ላዩን ብቻ የነካ ነው። ጎሚስታው መልስ 13 ላይ ተመልሶ ነገ ጠዋት የማያቸው ጎማዎች አሉኝ አቦ ብሎ ወጣ።

ከ14 ጀምሮ ወሬው ወደ ውጭ ቻምበሮች ሄደ። መልስ 14 ዝርዝር ለጠፈ፦ ቫሌንሲያ ያለው ዩፎሬ፣ ሁለት ግማሽ ክብ ድንኳን መሳይ፣ እያንዳንዱ ወደ 200 ሜትር ኩብ፣ በተፈጥሮ ፀሐይ የሚሠራ። ካርልስሩኸ ያለው አይዳ፣ 84 ሜትር ኩብ የአሉሚኒየም በርሜል፣ ደመናና በረዶ ለማጥናት እስከ 90 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀዘቅዝ። ጄኔቫ ሰርን ውስጥ ያለው ክላውድ፣ 26 ሜትር ኩብ። ፓሪስ አጠገብ ክሬቴይ ያለው ሴሳም፣ 4.2 ሜትር ኩብ አይዝጌ ብረት። ሊድስ ውስጥ ያለው ሂራክ ደሞ ከዛም ያንሳል። እነዚህ አብዛኞቹ ከ2004 ጀምሮ ዩሮቻምፕ በሚባል መረብ ተያይዘው ከሌላ አገር የሚመጣ ተመራማሪ እንዲጠቀምባቸው በር ከፍተዋል፣ አጭር ማመልከቻ ይጻፋል፣ በባለሙያ ይታያል፣ ካለፈ የቻምበሩ ወጪ አይጠየቅም፣ ጉዞም ይደገፋል፣ ውጤቱ ግን ለሁሉም ክፍት ይሆናል።

መልስ 15 የመጨረሻው የዩሮቻምፕ ፕሮጀክት በ2021 ማለቁን፣ አሁን ሥራው አክትሪስ በሚባለው ቋሚ ድርጅት ሥር መግባቱን፣ እሱም በ2023 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቶ ዋና ቢሮው ሄልሲንኪ መሆኑን አስተካከለ። ማመልከት የሚፈልግ በድሮው ስም ፈልጎ በር ዝግ ነው እንዳይል።

መልስ 16 ላይ ያለው ወንድማችን ተቆጣ። ማመልከቻው ቢያልፍ ቪዛው ያልፋል ወይ፣ እኛ ዕድሜያችንን ኤምባሲ ደጅ ስንጠና ልንጨርስ ነው ወይ፣ የሰው መሣሪያ ላይ ተስፋ ማድረግ ይብቃን አለ። ምሳሌም ጠቀሰ፣ አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የሰቀለውን የብናኝ መለኪያ ሁሉም ሰው ይጠቀምበት ነበር፣ በመጋቢት 2025 በየአገሩ ያሉት የኤምባሲ መለኪያዎች መረጃ ለሕዝብ መውጣቱ በአንድ ውሳኔ ቆመ። በሰው እጅ ያለ ነገር እንደዚህ ነው ባይ ነው። ይሄን ነጥብ ማንም በደንብ አልመለሰለትም፣ እኔም ብሆን ትክክል ነው ከማለት ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ እዚህ የሚቆም የራሳችን ነገር ያስፈልጋል የምለው ለዚሁ ነው።

መልስ 17 የአፈር ባለሙያ ነች፣ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር አመጣች። የበረሃ ብናኝ ሙቀትን እንዴት እንደሚውጥ ለማወቅ ሴሳም ውስጥ ከየአህጉሩ የመጣ 19 ዓይነት አፈር እየተነቀነቀ አቧራው ተለክቷል፣ ውጤቱ በ2017 ታትሟል፣ ከ19ኙ አንዱ የኛው ነው፣ ከሻላ ሐይቅ አካባቢ የተወሰደ። ማለት የኢትዮጵያ አፈር ፓሪስ ደርሶ ቻምበር ገብቷል። ቀጥላ የጠየቀችው ነው ልቤን የነካኝ፦ የሻላ አፈር ከሄደ የደቻቱና የኤረር ሜዳ አፈርስ ለምን አይሄድም፣ ሲሄድ ደሞ ጥያቄውን ከዚህ የቀረጸ ሰው አብሮ ይሂድ። መልስ 18 አፈር ተወሰደብን የሚል ቁጣ ለመጨመር ሞከረ፣ 17 ራሷ ተመልሳ አንድ ከረጢት አፈር አገር አያጎድልም፣ የሚያጎድለው ጥያቄ አለመጠየቅ ነው ብላ ዘጋችው።

መልስ 19 ከሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ የምትኖር እህት። ስለ ባጃጅና ስለ አሸዋ ታወራላችሁ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፣ ቤታችን ወፍራም ግድግዳ፣ ትንሽ መስኮት፣ ከሰዓት ላይ ነደባው፣ ከፍ ያለው የቤቱ መቀመጫ፣ ላይ ተቀምጠን ቡና ይፈላል ማጨሻው ይጨሳል፣ የዕጣኑ ጭስ ኮርኒሱ ሥር ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው፣ ያ ምን ያደርገናል ብላ ጠየቀች። መልስ 20 በጣም ተናደደ፣ ዕጣን የአባቶቻችን ነው፣ በመስጊድም በቤተክርስቲያንም የሚጨስ ነው፣ ደሞ ወደ ዕጣን መጣችሁ ወይ፣ ፈረንጅ ያላለውን እኛ በራሳችን ላይ እናውራ ወይ አላት። መልስ 21 ሰውየውን አረፍ እንዲል መከረው፣ የጠየቀችው ይከልከል ብላ ሳይሆን ይታወቅ ብላ ነው።

እዚህ ላይ መልስ 22፣ ያው የመልስ 2 ልጅ፣ ተመልሶ ገባና ዓይኔን የከፈተ ነገር አለ። በብዙ የዕጣን ዓይነቶች ዘይት ውስጥ አልፋ ፓይኒን የሚባል ነገር አለ፣ የጥድ ሽታ የሚሰጠውም እሱ ነው። ቻምበር ውስጥ እንደ አልፋ ፓይኒን የተጠና ነገር ጥቂት ነው። ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ቶሎ ወደ ደቃቅ ብናኝ ይለወጣል፣ ክላውድ ውስጥም በ2016 ከአልፋ ፓይኒን የሚወጣ ትነት ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ብቻውን አዲስ ብናኝ መውለድ እንደሚችል ታይቷል። የተጠናው ግን ንጹህ ሆኖ ከጠርሙስ የወጣው ነው። ፍም ላይ ያረፈ ዕጣን መጀመሪያ ሽታውን ያተናል፣ ቀጥሎ ሙጫው ይቃጠላል፣ ከሥሩ ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይለቃል፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ። ይሄ ነው ለቻምበር የሚሆን ጥያቄ፣ ከኛ ቤት የወጣ፣ መልሱም ለኛ ቤት የሚጠቅም።

እኔ በበኩሌ ከዚህ መልስ በኋላ ሐሳቤ ጠራ። መሣሪያውን መዋስ ይቻላል፣ ጥያቄውን ግን ማንም አይጠይቅልንም። ቫሌንሲያ ያለ ሰው ስለ ማጨሻ አያስብም፣ ለምን ያስባል።

23 እና 24 ቡና ላይ ወጡ፣ የሐረር ቡና ከዕጣን ጋር ነው ወይስ ያለ ዕጣን ነው የሚጥመው፣ አንዱ ደሞ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ፎቶ ለጠፈ፣ ቆንጆ ፎቶ ነው ግን ተውት። ከፎቶው ተነስቶ መልስ 25 መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 ከልክሏል፣ ባጃጁም ኤሌክትሪክ እየሆነ ነው፣ በጥቂት ዓመት ችግሩ ይጠፋል፣ ቻምበር ለምኔ አለ። መልስ 26 ሳያሽሞነሙን መለሰ፣ ነባሮቹ መኪኖች ነገ አይጠፉም፣ የጭነት መኪናው አለ፣ ከሰሉ አለ፣ አሸዋው አለ፣ ጎማና ፍሬን የሚያነሳው ብናኝ ኤሌክትሪክም ቢሆን አለ። ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሲቀንስ ደሞ ኦዞኑ እኩል ላይቀንስ ይችላል፣ ቅልቅሉ ምን ያህል ለምን ያህል እንደሆነ ነው የሚወስነው፣ ይሄም ቻምበር ውስጥ የተረጋገጠ ነገር ነው። መልስ 27 ሁለቱንም ተረጋጉ አለ።

መልስ 28 በክሩ ውስጥ በጣም መራራውም በጣም ጠቃሚውም ነው። የላብ ቴክኒሻን ነው፣ የሚሠራበትን ተቋም ስም አልጠራም አለ፣ እኔም አልጠይቅም። በፕሮጀክት የመጣ ውድ መሣሪያ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ዋስትናው ሲያልቅ አይቷል። አንድ ፓምፕ ተበላሽቶ መለዋወጫው ጉምሩክ ላይ ቆሞ ሥራው እንዲሁ ሲቀር አይቷል። ቻምበር ማለት ለሱ ቴፍሎኑ አይደለም፣ ቴፍሎኑ ቀላሉ ነው፣ ፊልሙን ቆርጦ በሙቀት መበየድ እዚሁ ይቻላል። ችግሩ ቻምበሩን የሚከበው ነገር ነው፦ የማያቋርጥ ንጹህ አየር፣ መሣሪያ ማስተካከያ የሚሆን መጠኑ የተረጋገጠ ጋዝ፣ እሱም ጊዜው ያልፋል፣ መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና ለመረጋጋት ሰዓታት የሚፈልግ መሣሪያ። ሌሊቱን ያጠብከው ቻምበር ጠዋት መብራት ቢጠፋ ቀኑ ሄደ ማለት ነው አለ። ከዛ በቀጥታ ለኔ፣ ሪባን ለመቁረጥ የሚሠራ ከሆነ ይቅር አለኝ።

መልስ 29 ቅር ብሎት ጨለምተኛ አለው፣ 28 ም ጨለማው ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ ብሎ መለሰ (ይሄ 30 ነው)፣ ትንሽ ተሰዳደቡ፣ አድሚኑ ሁለት መስመር አነሳ። እኔ ከ28 ጋር ነኝ። ጋራ መሆን አለበት የምለውም እሱ ስላለው ነው፣ ሦስት ቦታ ሦስት ፓምፕ ከሚቆም አንድ ቦታ ሁለት ፓምፕ፣ አንዱ ሲበላሽ አንዱ የሚሠራ፣ ደሞዙ የተረጋገጠለት ቋሚ ቴክኒሻን ያለበት ይሻላል። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ፣ መሣሪያው ቀጥሎ።

ከዛ ነገሩን ያበረደው መልስ 31 ነው። ትልቁን ከማለም በፊት ሁለት መንገድ አለ አለ። አንዱ ፍሎው ሪአክተር ነው፣ 13 ሊትር ገደማ የሚይዝ የአሉሚኒየም ሲሊንደር፣ ውስጡ የአልትራቫዮሌት መብራት አለው፣ አየሩ ሲያልፍ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባለውን፣ አየር ውስጥ ያሉ ጋዞችን የሚለውጠውን ንቁ ነገር፣ በጣም ስለሚያበዛው ውጭ ቀናት የሚፈጀው ለውጥ በደቂቃዎች ያልቃል። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰፈር ለሰፈር ይዞረዋል። ድክመቱንም አልደበቀም፣ እንዲህ የተጣደፈ ኬሚስትሪ ሁልጊዜ ከእውነተኛው አየር ጋር አንድ አይሆንም፣ ለዚህ ነው ውጤቱ ከትልቅ ቻምበር ጋር የሚነጻጸረው።

ሁለተኛው ከላፕቶፕ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ማስተር ኬሚካል ሜካኒዝም የሚባል፣ ከእንግሊዝ አገር ሊድስና ዮርክ ዩኒቨርሲቲዎች የወጣ፣ ወደ 17,000 የሚጠጉ የአየር ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጦችን የያዘ ስብስብ አለ፣ በነጻ ይወርዳል። እሱን የሚያሰላ አትኬም የሚባል ፕሮግራምም ነጻ ነው። የዩሮቻምፕ ቻምበሮች የሠሯቸው ሙከራዎች መረጃም ተከማችቶ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ድሬ ቁጭ ብሎ የቫሌንሲያን ቻምበር መረጃ አውርዶ ሞዴሉ ያንን መልሶ ማውጣት መቻሉን ማየት ይችላል፣ ከዛ የድሬን ፀሐይ፣ የድሬን ሙቀት አስገብቶ ልዩነቱን ማየት ይችላል፣ ቪዛ የለ፣ ጉምሩክ የለ። መልስ 32 መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪ ይሠራል ብሎ 28 ን ሊያስታርቅ ሞከረ፣ 28 ም ላይክ አደረገለት።

33 ላይ የፈራሁት መጣ፣ ቻምበሩ የት ይቀመጥ። ድሬ ያሉ ፀሐዩም ችግሩም ያለው እኛ ጋ ነው፣ ባቡሩም መንገዱም እኛ ጋ ነው አሉ። የሐረርና የሀረማያ ሰዎች ድሬ ሙቀቱ መሣሪያ ይገድላል፣ ከፍታው ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሀረማያ ነባር ላብ አለው አሉ። መልስ 35 የሀረማያ ሐይቅን ጠብቃችሁ ይሆን አየሩን የምትጠብቁት ብሎ ያለ ቦታው ነካካቸው፣ 36 በጣም አዝኖ ሐይቁ ሲደርቅ ያለቀስን እኛ ነን፣ ውሃው ሲመለስም የተደሰትን እኛ ነን፣ በዚህ አትቀልዱ አለ። ትክክል ነው፣ 35 ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፣ እስካሁን አልጠየቀም።

ከዛ መሀል 37 ጥሩ ነገር ወረወረች። ቀን ላይ ዳገቱ ሲሞቅ አየር ሽቅብ ይሄዳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይሄ በየትም ተራራ ያለ ነገር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ሀረማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ከፍታው ወደ 2,000 ይጠጋል። የድሬ ጭስ እየተለወጠ ከሰዓት ላይ ሀረማያ ሊደርስ ይችላል ወይ? ከጭስ ማውጫ ገና የወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ስለሚበላ መንገዱ ዳር ላይ ኦዞን ዝቅ ብሎ ራቅ ብሎ ባለው ቦታ ከፍ ሊል እንደሚችልም አስታወሰች። መልስ 38 ደግሞ ይሄን ቻምበር አይመልሰውም አላት፣ ቻምበር ውስጥ ዳገት የለም ንፋስም የለም፣ ይሄ ድሬ፣ ደንገጎና ሀረማያ ላይ መለኪያ ተክሎ የሚመለስ ነው። ጥሩ እርማት ነው፣ ሁለቱ ሥራዎች ይፈላለጋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። የቦታውም ጭቅጭቅ በዚሁ ቢያበቃ ደስ ይለኛል፣ መለኪያው በሦስቱም ይተከል፣ ቻምበሩ ቋሚ ቴክኒሻን የቀጠረ ጋ ይቀመጥ።

መልስ 39 ጎሚስታው ነው። ያያቸው ጎማዎች ላይ ሁለቱም ዓይነት ስንጥቅ አለ፣ ፎቶውን በቅርብ አንስቶ ለጥፏል፣ አንዱ ላይ መስቀለኛው በግልጽ ይታያል። ቁራጭ የውስጥ ጎማ ወጥሬ ሱቄ ጣሪያ፣ ደንገጎ ያለ ወንድሜ ቤትና ሀረማያ እሰቅላለሁ አለ። መልስ 40 አመስግኖ አረመው፣ የውስጥ ጎማ አብዛኛው ከቢውታይል ስለሚሠራ ኦዞን አይደፍረውም፣ የሚያስፈልገው የተፈጥሮ ጎማ ነው፣ ከፀሐይም መከለል አለበት፣ ጥላ ሥር ንፋስ እየነካው፣ ሁሉም እኩል ተወጥሮ። ቁጥር አይሰጠንም፣ የቱ ቦታ ይብሳል የሚለውን ግን ሊጠቁመን ይችላል፣ ካየን በኋላ ርካሹን የኦዞን መለኪያ ቱቦ አስመጥተን እናረጋግጣለን።

መልስ 41 የሐረሯ እህት ናት፣ ቤቷን ለመለካት ክፍት አድርጋለች፣ እናቷም ፈቅደዋል፣ ማጨሻው እንደወትሮው እየጨሰ። መልስ 42 ያው የመልስ 2 ልጅ ነው፣ ለውጭው ቻምበር የምናስገባውን የማመልከቻውን የመጀመሪያ ገጽ እሱ እንደሚያረቅ ገልጿል፣ ርዕሱ ዕጣንና ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ ከኦዞን ጋር ሲገናኙ የሚል ነው። የመልስ 17 ባለሙያ አፈሩም አብሮ ይግባ ብላለች፣ እኔ ግን ለመጀመሪያው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን እንሂድ ባይ ነኝ፣ ሁለት ነገር የያዘ ማመልከቻ አንዱም ሳይጠራ ነው የሚወድቀው፣ አፈሩ የራሱ ማመልከቻ ይገባዋል። ጋዝ ክሮማቶግራፍ ላይ፣ ቅልቅል ውስጥ ያለውን እየነጠለ በሚለካው መሣሪያ፣ የሠራ ሰው ያስፈልገናል፣ እንግሊዝኛ ረቂቅ የሚያርምም፣ እነዚህን የሚችል ከ43 ጀምሮ ይጻፍ።